ገንዘቡ በስማችን ሲመጣ፦ ስለ ተለወጡት የሕክምና ምርምር ድጋፍ ደንቦች ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከጅማ የተላኩ ሲሆኑ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ለሕክምና ምርምር ከሕዝብ ግምጃ ቤት ገንዘብ በመስጠት በዓለም ቀዳሚ የሆኑት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች፣ በተመራማሪዎች አጠራር ኤንአይኤች፣ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የማመልከቻ ደንቦቻቸውን በተከታታይ ለውጠዋል። ለውጡ በጅማ ላቦራቶሪዎችና በመስክ ጥናት ቡድኖች ዘንድ የፈጠረውን ግራ መጋባት ከደብዳቤዎቹ መረዳት ይቻላል። እንደ ልማዳችን የጠያቂዎችን ስም አላተምንም። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ የአንድ የምርምር ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ገንዘባችን ለዓመታት ይመጣልን የነበረው በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ በሰብ ግራንት ነበር። አሁን ለሚቀጥለው ማመልከቻ ስንዘጋጅ አጋሮቻችን በድሮው መንገድ ሊያካትቱን እንደማይችሉና በራሳችን ስም መመዝገብ እንዳለብን ጻፉልን። ባልደረቦቼ ይህን በትሕትና የተነገረ ስንብት አድርገው ወስደውታል። እውነት አብሮ መሥራታችን አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። ሆኖም እስከ አሁን አጋሮቻችሁ ይሸከሙት የነበረው የጽሕፈት ቤት ሥራ ወደ እናንተ ዞሯል። ለዚያ የተዘጋጀ ተቋም ይቀጥላል፤ ያልተዘጋጀው ግን የጥናቱ ሐሳብ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊቀር ይችላል።

የለውጡ መነሻ ኤንአይኤች ሜይ 1 ቀን 2025 ያወጣው ማስታወቂያ ነው። በዚያ ማስታወቂያ መሠረት፣ አንድ ተቋም ከተቀበለው ድጋፍ ቆርሶ ለውጭ አገር ተቋም የሚያስተላልፍበትን ሰብ ግራንት የያዘ አዲስ ድጋፍም ሆነ እድሳት፣ ሌላ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ወደ ውጭ የሚወጣው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ በግልጽ ለመከታተል አለመቻሉ ነው። ተተኪው ሥርዓት በሴፕቴምበር 2025 ይፋ ሆነ። በድሮው አሠራር ሙሉው ገንዘብ የሚገባው ለአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ከጅማ ጋር ውል የሚፈራረመው፣ ሰነድ አይቶ የሚከፍለው፣ ለሰጪውም ተጠሪ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ማመልከቻው አንድ ሆኖ የእያንዳንዱ የውጭ አጋር ሥራና በጀት ራሱን ችሎ ይቀርባል፤ ከጸደቀም በኋላ አጋሩ ከዋናው ድጋፍ ጋር የተሳሰረ፣ ነገር ግን የራሱ መለያ ያለው ድጋፍ በስሙ ይቀበላል፣ ስለ ገንዘቡም በቀጥታ ይጠየቃል። ስለዚህ አጋሮቻችሁ “በራሳችሁ ስም ተመዝገቡ” ያሏችሁ ሊያሰናብቷችሁ ፈልገው አይደለም፤ አብሮ ለመቀጠል የቀረው መንገድ ይህ ስለሆነ ነው።

ምዝገባው በአብዛኛው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም መጀመሪያ ኤንኬጅ የሚባለውን ኮድ ያወጣል፤ በዚህ ኮድ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ይመዘገባል፤ ባለ 12 ፊደልና አሃዝ የተቋም መለያ የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ይህ መለያ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ደንስ ይባል የነበረውን ቁጥር የተካ በመሆኑ፣ በአሮጌ ፋይሎቻችሁ ውስጥ ያለው የደንስ ቁጥር ከእንግዲህ አያገለግልም። ቀጥሎ ግራንትስ ዶት ጎቭ በሚባለው የማመልከቻ መግቢያና በኤንአይኤች የራሱ መዝገብ፣ በኢአርኤ ኮመንስ፣ ተቋሙም ዋና ተመራማሪውም ይመዘገባሉ። ኤንአይኤች ለዚህ ሁሉ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያሳስባል፤ እኔ ግን ከጅማ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ሦስት ወር እንዲይዝ እመክራለሁ። ምክንያቱም መዝገቡ የተቋሙን ሕጋዊ ስምና አድራሻ ከማስረጃ ሰነዶች ጋር ያመሳክራል፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደግሞ እንደ ተጨባጭ አድራሻ አይቀበልም። የእኛ ተቋማት ማኅተምና ደብዳቤ የሚይዘው ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ብዙም ያለፈ አይደለም። በዚያ ላይ የከተማችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰነድ አንድ፣ በሌላው ሁለት “ም” ይዞ ይገኛል፤ ለእኛ ምንም የማይመስለን ይህ ልዩነት ምዝገባን ለሳምንታት ሊያዘገይ ይችላል። አስቀድማችሁ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በንግድ ባንክ ደብዳቤም፣ በመቋቋሚያ ሰነድ ትርጉምም፣ በግብር መለያውም ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርጉ። ምዝገባው በነፃ የሚፈጸም መሆኑንም አትርሱ፤ “እናስመዘግብላችኋለን፣ እናድስላችኋለን” እያሉ ክፍያ የሚጠይቁ መልእክቶች ከመዝገቡ የተላኩ አይደሉም።

የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ተቋም ስምንት ወር የደከምንበት ማመልከቻ ተዘጋጅቶ፣ ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው ምዝገባው ጊዜው ማለፉ ታወቀ። ሲያድስ የነበረው ባልደረባ ሥራ ለቅቆ ሄዶ ነበር፤ የመግቢያው የይለፍ ቃልም አብሮት ሄደ። ያ ማመልከቻ አልተላከም። ከዚያ ወዲህ የማማክረውን ቡድን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መላምቱ ሳይሆን “ምዝገባውን የሚያድሱት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?” ብዬ ነው፤ አንድ ሰው አይበቃም።

በጀቱም ሌላ መልክ ይይዛል። የአሜሪካ ተቋማት በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ድረስ በ25,000 ዶላር መደብ አጠቃለው ማቅረብ ሲችሉ፣ የውጭ ተቋም ግን እያንዳንዱን ወጪ ዘርዝሮ ማሳየት አለበት። ተቋሙ ለአስተዳደር፣ ለመብራት፣ ለሒሳብ ክፍልና ለመሳሰለው የሚያገኘው የተዘዋዋሪ ወጪ ደግሞ ለውጭ ተቋማት በ8 በመቶ ተወስኖ ቆይቷል፤ እንደ አሜሪካኖቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከግማሽ በላይ የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ ለግዥና ለሒሳብ ሠራተኛ የሚያስፈልገውን ገንዘብ፣ ሥራው ለዚሁ ጥናት ብቻ መሆኑን ማስረዳት በሚቻልበት መጠን፣ በቀጥተኛ ወጪ ውስጥ አስገቡት። የውጭ ምንዛሪን ነገር በበጀት ማብራሪያችሁ ሳትጽፉ አትለፉ። ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያን ጊዜ ደመወዝን በዶላር አስልተው የነበሩና በብር ያሰሉ ፕሮጀክቶች የገጠማቸው በጣም የተለያየ ነበር፤ ገምጋሚው ይህን ሊያውቅ ስለማይችል እናንተ ንገሩት።

ስለ ለውጡ የግሌን አስተያየት ልጨምር። ለጊዜው ሸክም መሆኑን አልክድም፤ አጋሮቻቸው ይህን ሁሉ አብረዋቸው ለመጠበቅ ትዕግሥት የሚያጡባቸው ቡድኖችም ይኖራሉ፤ ይህም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ጅማን ተመልከቱ። በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና ከዚያ ቀድሞ በ1952 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅ በ1999 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ጀምሮ፣ ትምህርቱ በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ተብሎ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ኖሯል። በጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል ዙሪያ ያሉ ቤተሰቦችን ልደትና ሞት በየጊዜው እየዞሩ የሚመዘግቡት የአካባቢው ልጆች ናቸው። የጥናቱን ልብ የያዘው እዚህ ያለ ሰው ሆኖ ሳለ ሒሳቡ ሌላ አገር ሲከፈትና ሲዘጋ መኖሩ ተገቢ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም። ገንዘቡ በስማችን ከመጣ የምንጠየቀውም የምንወስነውም እኛ እንሆናለን። ለዚህ ግን በተቋማችን የግራንት ክፍል ውስጥ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ባለሙያዎች የሁሉንም ዲፓርትመንት ሸክም ብቻቸውን እንዲሸከሙ መተው አይቻልም። እርስዎ አስተባባሪ ነዎትና፣ ጥያቄውን ከእኔ ይልቅ ለዲንዎና ለፋይናንስ ኃላፊው በጽሑፍ ቢያቀርቡት የበለጠ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በጤና ኢንስቲትዩቱ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያቀረብኩት የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ዝቅተኛ ውጤት አግኝቶ ተመለሰ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሐሳቡን ካመሰገነ በኋላ ስለ ተቋሜ “ለዚህ ዓይነት ሥራ ያለው ልምድ ግልጽ አይደለም” ብሎ ጽፎ ነበር፤ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አሁን የግምገማው መመዘኛ ተለውጧል ሲባል ሰምቻለሁ። እንደገና ብሞክር የሚለይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ እንደ እርስዎ ላለ አመልካች የሚበጀው ይኸኛው ነው ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

እርስዎ ባመለከቱበት ጊዜ ገምጋሚው አምስት ነገሮችን ለየብቻ ከ1 እስከ 9 ይመዝን ነበር፤ የጉዳዩን አስፈላጊነት፣ የተመራማሪውን ማንነት፣ የሐሳቡን አዲስነት፣ የአሠራር ዘዴውንና ተቋማዊ አካባቢውን። 1 ከሁሉ የተሻለ፣ 9 ከሁሉ ያነሰ ውጤት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ፣ ማለትም ተመራማሪውና ተቋሙ፣ ከሐሳቡ ይልቅ ስምን የሚመዝኑ ነበሩ፤ ስሙን በማያውቀው ተቋም ላይ ጥሩ ቁጥር ለመጻፍ የሚደፍር ገምጋሚም ብዙ አልነበረም። ማመልከቻው የሚገባበት ቀን ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን፣ አብዛኞቹ የምርምር ፕሮጀክት ማመልከቻዎች የሚታዩት በሦስት ጥቅል መመዘኛዎች ነው። የመጀመሪያው የጥናቱ አስፈላጊነት ሲሆን የድሮውን አስፈላጊነትና አዲስነት አንድ ላይ ይይዛል። ሁለተኛው የአሠራሩ ጥራትና ሊሠራ የሚችል መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሦስተኛው የባለሙያውና የተቋሙ አቅም ነው፤ ይህ ቁጥር አይሰጠውም። ገምጋሚው “ለዚህ ሥራ በቂ ነው” ይላል፤ በቂ አይደለም ካለ ደግሞ ምን እንደሚጎድል መጻፍ ይኖርበታል። የለውጡ አንዱ ዓላማ የታወቀ ስም ያለው ተቋምና ተመራማሪ ከሐሳቡ በላይ እንዳይመዘን ማድረግ እንደሆነ ኤንአይኤች ራሱ ገልጿል።

ይህ ማለት ስም ከእንግዲህ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ገምጋሚው አጠቃላይ ውጤቱን ሲሰጥ ሦስቱንም አብሮ ያስባል። ቢሆንም ጥያቄው “ከታላላቆቹ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?” ከሚለው “ይህን የተወሰነ ሥራ ለመሥራት ይበቃል ወይ?” ወደሚለው መዞሩ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ከጅማ በሚገባ መመለስ ይቻላል። ማቀዝቀዣው ስንት ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ምን ያህል ሰዓት ይይዛል፣ ባለፈው ጥናት ከተመዘገቡት ተሳታፊዎች ስንቱ እስከ መጨረሻ ተከታትለዋል፣ ናሙናው ከወረዳው ጤና ጣቢያ እስከ ላቦራቶሪው በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ እነዚህን በቁጥር ይጻፉ። “ተቋሙ ዘመናዊ መሣሪያዎች የተሟሉለት ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አይነግርም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው መመዘኛ ነው። በየዓመቱ የወጣት ባልደረቦቼን ረቂቆች አነባለሁ፤ አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በሽታው በዓለም ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀጥሎ በታዳጊ አገሮች፣ ቀጥሎ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ፣ ቀጥሎ በኢትዮጵያ፣ ቀጥሎ በኦሮሚያ ክልል ይዘረዘራል፤ ጅማ ሲደረስ ገጹ አልቋል። የጥናቱ ዓላማ የሚጻፍበት ክፍል አንድ ገጽ ብቻ እንደሆነ፣ ዋናው የምርምር ዕቅድም ለትንንሾቹ ድጋፎች 6፣ ለትልቁ አር 01 ለሚባለው ደግሞ 12 ገጽ እንደሆነ እያወቅን፣ የመጀመሪያውንና ውድ የሆነውን ቦታ ገምጋሚው በሚያውቀው ነገር እንሞላዋለን። ይህ አጻጻፍ ከመመረቂያ ጽሑፍ የወረስነው ነው። መምህሮቻችን እንዲህ አስተማሩን፤ እኛም እንዲሁ እያስተማርን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡድን የቲቢ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የጫትን ነገር ሊያጠና ቢያስብ፣ “የጫት መቃም ስርጭትና ተዛማጅ ምክንያቶች በጅማ ዞን” ብሎ ቢጽፍ አስፈላጊነቱ ለገምጋሚው አይታየውም፤ እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ ጊዜ ተሠርቷል። ነገር ግን “ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ለወራት በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ ያለበት ሰው ደግሞ በደንብ መብላት አለበት፤ ይህ ግጭት ታማሚው ክብደት እንዳይጨምርና መድኃኒት እንዲያቋርጥ ያደርጋል ወይ? የሚያደርግ ከሆነስ ጤና ጣቢያው ምን ሊለውጥ ይችላል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከጅማ የበቀለ ሆኖ የመንንም የኬንያንም ሐኪም ይመለከታል። ቁጥር የሚያገኘው ይህ ዓይነቱ አስፈላጊነት ነው።

የተመለሰውን ማመልከቻ በተመለከተ፣ አንድ የተመለሰ ማመልከቻ መጀመሪያ ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ በ37 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ተሻሽሎ ሊቀርብ ይችላል፤ ለገምጋሚዎቹ አስተያየት መልስ የሚሰጥበት አንድ ገጽ መግቢያም ይጨመርበታል። የእርስዎ ጊዜ ገና አላለፈም። ሆኖም ሐሳቡን ከሥሩ የሚለውጡት ከሆነ እንደ አዲስ ማቅረቡ ይሻላል፤ በዚህ ጊዜ ስለ ቀድሞው ግምገማ ምንም አይጠቀስም። ስለዚያ ገምጋሚ ቃል ደግሞ፣ በሦስተኛው መመዘኛ ሥር በቁጥር የተሞላ አንድ አንቀጽ ጽፈው ይመልሱለት።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ። በቤት ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ተናግሬ ያደግሁ ሰው ነኝና እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው። ማመልከቻዬን ለማሳመር በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ጀምሬ ነበር፤ አሁን ግን ተከልክሏል አሉኝ። ይህ እንደ እኛ ያለውን ሰው አይጎዳም?

መልስ፦ ኤንአይኤች በጁላይ 2025 ያወጣውና ከሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ፣ በዋናነት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማመልከቻ፣ ወይም እንዲህ የተዘጋጀ ክፍል ያለበት፣ የአመልካቹ የራሱ ሐሳብ ሆኖ እንደማይቆጠርና እንደማይታይ ይደነግጋል። ድጋፉ ከተሰጠ በኋላ ከተደረሰበት ደግሞ ጉዳዩ ወደ ምርምር ሐቀኝነት ጽሕፈት ቤት ሊመራ፣ ገንዘቡም ሊቋረጥ ይችላል። ደንቡ የወጣው አንድ ዋና ተመራማሪ በአንድ የማመልከቻ ዙር ከ40 በላይ ማመልከቻዎችን ያስገባበት አጋጣሚ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ አብሮ ሌላ ገደብ አስከትሏል፤ አንድ ተመራማሪ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ባለው ዓመት ውስጥ ከ6 በላይ ማመልከቻዎችን ማቅረብ አይችልም። አዲሱም፣ ተሻሽሎ የቀረበውም፣ እድሳቱም ይቆጠራል፤ ለሥልጠናና ለጉባኤ የሚጠየቁት ብቻ አይቆጠሩም። ጅማ ተቀምጦ በዓመት 6 ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አላውቅም፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ ዋና ተመራማሪ ባለበት ማመልከቻ ውስጥ ስማቸው የገባ ሁሉ ይቆጠርባቸዋል። የውጭ አጋሮች “ስምህን እናስገባው” ሲሉ በደስታ እሺ የሚል ባልደረባ፣ የራሱን ማመልከቻ ሊያቀርብ በተነሣ ጊዜ ቁጥሩ ሞልቶ ሊያገኘው ይችላል።

ወደ ቋንቋው ስመለስ፣ ደንቡ የቃላት ስህተት ማረምንና መሰል ውስን እገዛን ሁሉ አልከለከለም፤ የከለከለው ሐሳቡንና ጽሑፉን ለመሣሪያው መተውን ነው። ዌልካምን ጨምሮ የብሪታንያ ገንዘብ ሰጪዎች በ2023 በጋራ ያወጡት መግለጫ ደግሞ አመልካቹ ተጠቅሞ ከሆነ እንዲያሳውቅ፣ ገምጋሚዎችም የሰውን ማመልከቻ ወደ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳያስገቡ ይጠይቃል።

“አይጎዳም?” ላሉት፣ ጉዳቱን አልክድም። በባዕድ ቋንቋ ማሰብ ያደክማል፤ በዚያ ቋንቋ ተወልዶ ካደገ ሰው ጋር መወዳደር ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መሣሪያ የተጻፉ ረቂቆችን ሳነብ የሚጠፋው የዎርዱ ሽታ ነው። በሴቶች ክፍል ሌሊት ተረኛ ሆነው ያዩት ነገር፣ እናቲቱ ለምን ዘግይታ እንደ መጣች የነገረችዎት ቃል፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ምክንያት ሁሉ ይወጣና በምትኩ የትም አገር ሊጻፍ የሚችል ለስላሳ አንቀጽ ይገባል። እኔ የምመክረው ዓላማዎን መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ እንዲጽፉ ነው። ከዚያ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ያስተላልፉት፤ ከዚያ እንግሊዝኛው ጠንካራ የሆነ ባልደረባ ያንብብልዎ። ገምጋሚ ግልጽ የሆነ ተራ እንግሊዝኛን አይንቅም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው የመረጃ መጋራት ዕቅድ ይጠይቃል። የታማሚዎቻችንን መረጃ ለውጭ ሰው አሳልፈን መስጠት ሕጋችን ይፈቅዳል ወይ? የሥነ ምግባር ፈቃዱስ ከማመልከታችን በፊት መውጣት አለበት?

መልስ፦ የመረጃ አያያዝና መጋራት ዕቅድ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2023 ጀምሮ የግድ ሆኗል፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ዕቅዱ ሁሉንም ነገር ለሁሉም ክፈቱ አይልም፤ ሕግ፣ የተሳታፊው ፈቃድ ወይም ሥነ ምግባር የሚገድበው ካለ ምክንያቱን ጽፎ መገደብ ይቻላል። እኛም ዘንድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል፤ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍ የግል መረጃም ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ስለዚህ አዋጁን በቁጥሩ ጠቅሳችሁ፣ ስምና መለያ የወጣለትን መረጃ ብቻ የምታጋሩ መሆኑን፣ ይህም በተሳታፊዎች የስምምነት ቅጽ ላይ በሚገባቸው ቋንቋ መጻፉን አስረዱ። የስምምነት ቅጹ ይህን ካልያዘ በኋላ ለማስተካከል እያንዳንዱን ቤት እንደገና ማንኳኳት ይመጣል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ በማመልከቻው ቀን አይጠየቅም፤ ማመልከቻው ጥሩ ውጤት ካገኘ በኋላ፣ ድጋፉ ከመሰጠቱ በፊት ይጠየቃል። ሆኖም የእኛ ሒደት ከተቋሙ ኮሚቴ አልፎ ወደ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የሚደርስ፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል፣ ግምገማው እየተጠበቀ ሳለ መጀመሩ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻ የሚዘጋው በማን ሰዓት ነው? ደግሞስ በየመዝገቡ ስሜ በተለያየ መንገድ መጻፉ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ የኤንአይኤች ማመልከቻ የሚዘጋው በአመልካቹ ተቋም የአካባቢ ሰዓት ከሰዓት በኋላ በ5 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዋናው አመልካች የጅማው ተቋም ከሆነ የሚሠራው የጅማ 11 ሰዓት ነው። “ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው” ብሎ እስከ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ዘግይቷል። በአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም፣ ለአፍሪካ ክሊኒካዊ ምርምር የሚደግፈውን ኢዲሲቲፒን ጨምሮ፣ የሚሠራው ደግሞ የብራስልስ ሰዓት ነው፤ እዚያ 17 ሰዓት ሲሆን በእኛ በአውሮፓ በጋ ከምሽቱ 12፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ሁለት የሥራ ቀን የመመልከቻ ጊዜ አለ፤ ስህተት ተገኝቶ የሚታረመው ግን ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን አስቀድሞ ያልተላከ ማመልከቻ የሚታረምበት ዕድል ጠባብ ነው። ለኔትወርክና ለመብራት ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን ጨምሩ።

የስም ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። መዝገቦቹ ግን የመጨረሻ ስም ይጠይቃሉ፤ አንዱ ጋ የአባትን፣ ሌላው ጋ የአያትን ስንሰጥ፣ ፊደሉንም በየጊዜው ስንለዋውጥ አንድ ተመራማሪ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ያሳተማቸው ጽሑፎችም ለሦስት ይከፈላሉ። ማመልከቻው ከጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ወዲህ የሚገባ ከሆነ የሥራ ታሪክ ቅጹ በአዲሱ የጋራ ፎርም መዘጋጀት፣ ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥርም መኖር አለበት። ኦርኪድ ለእኛ አገር ሰው መልካም መፍትሔ ነው፤ በነፃ ይወጣል፣ የተለያዩ የስም አጻጻፎችንም በአንድ ቁጥር ሥር ይይዛል። በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ዋና አድርገው ይያዙ፣ በኦርኪድ ገጽዎ ላይ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ያስገቡ፣ ከዚያም በኢአርኤ ኮመንስ መዝገብዎ ላይ ቁጥሩን ያገናኙ። በዚህ ሳምንት ሊያደርጉት ይችላሉ።